ልጆቻችን ቁራን ያውቁታል?

ናጋድ የሚገኘው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሟል። እዚያ ተቀምጦ ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ዓይን ማሳረፊያ የሚሆን ብዙ ነገር የለም። ሐዲዱ አለ፣ ከላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፣ ሻንጣና ፌስታሉን ከቦ የሚጠብቅ መንገደኛ አለ፣ ቁራ አለ። የጅቡቲ ቁራ ሰው አይፈራም። ቆሻሻ መጣያው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ብስኩት የያዘ ልጅ ካየ ሁለት እርምጃ እስኪቀረው ድረስ ይጠጋል፤ ሲያባርሩት አጥሩ ላይ ወጥቶ ይጮኻል።

ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ድሬዳዋ ለመመለስ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ከቁራው ላይ አላነሳም። ቆየት ብሎ፣ «እማ፣ የዚህ ቁራ አንገት ለምን አመድ መሰለ?» ሲል ጠየቀ። እናቱ ሕፃን ታቅፋለች፤ በሌላው እጇ ፓስፖርትና ቲኬት ይዛለች። «ቁራ ቁራ ነው የኔ ልጅ፤ ቦርሳህን ያዝ» አለችው። በእሷ ቦታ የነበረ ሁሉ ከዚህ የተለየ አይመልስም።

ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቅኩት። ሁለተኛ ነው። ስለ ወፎች ተምራችኋል ወይ ስለው ተነሥቶ ቆመና በዜማ አወረደው፦ ወፎች ሁለት እግርና ሁለት ክንፍ አላቸው፤ ሰውነታቸው በላባ የተሸፈነ ነው፤ እንቁላል ይጥላሉ። አንዲት ቃል አልሳተም። እናቱም እኔም አመሰገንነው። ያ ሁሉ በቃል የተያዘ ትምህርት ግን ልጁ ከደቂቃዎች በፊት ለጠየቀው ጥያቄ ምንም አልጠቀመውም። ጥያቄውና ትምህርቱ አልተገናኙም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

ልጁ የጠየቀው ትክክለኛ የሳይንስ ጥያቄ ነበር። ደጋ ላይ፣ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር፣ ከሥጋ ቤትና ከቄራ አካባቢ የማይጠፋው ትልቁ ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። መንቁሩ ወፍራምና ጎባጣ ነው። ከቁራ ወገን በዓለም ላይ በግዝፈት የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው፤ መኖሪያውም የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ናቸው። ጅቡቲ ከተማን ያጥለቀለቀው ሌላ ነው። ያነሰና የቀጠነ፣ አንገቱና ደረቱ ግራጫ የሆነ፣ አገሩ ህንድና አካባቢዋ የሆነ ቁራ ነው። ከመርከብ ጋር ወደቦችን እየተከተለ በምሥራቅ አፍሪካና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተስፋፍቷል። የሌሎችን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ስለሚበላ በደረሰበት ሁሉ የአገሬውን ወፍ ያስቸግራል። እንግዲህ «የዚህ ቁራ አንገት ለምን አመድ መሰለ?» የሚለው ጥያቄ ተከትለው ቢሄዱበት ወደ ወደብ፣ ወደ መርከብ፣ ወደ ንግድ፣ አንድ እንግዳ ፍጥረት አዲስ አገር ሲገባ ወደሚያደርሰው ጉዳት ይወስዳል። ልጁ በሰባት ዓመቱ በሩን ከፍቶት ነበር።

ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ልጅ እንስሳን የሚያገኘው በሁለት የተለያዩ ክፍለ ጊዜዎች ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ጅብ ጅል ነው፣ ጦጣ ብልጥ ናት፣ አንበሳ ንጉሥ ነው። በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደግሞ እንስሳት «የቤት» እና «የዱር» ተብለው ይከፈላሉ፣ ጥቅማቸው ይዘረዘራል፣ ልጁ ዝርዝሩን ገልብጦ ያጠናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ያደረገ ነበር። ለታችኛዎቹ ክፍሎች የተዘጋጀው የአካባቢ ሳይንስ ትምህርትም ተፈጥሮንና ማኅበራዊ ኑሮን አንድ ላይ ይዞ፣ ልጁ ከቤቱና ከሰፈሩ ተነሥቶ እንዲማር ታስቦ የተቀረጸ ነው። ሐሳቡ እጅግ የሚደነቅ ነበር፤ ዛሬም ነው። ብዙ ክፍል ውስጥ ግን አካባቢው ከመስኮቱ ውጭ ቀርቶ ሳይንሱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻውን ይጻፋል።

ንባቡስ? የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር ልጆች ዘጠኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚያገባድዱበት ዕድሜ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 በክልሎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘናም ሁለተኛ ክፍል ደርሰው አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻሉ ልጆች እጅግ ብዙ መሆናቸውን አሳይቶ አገሩን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች ተዘጋጅተዋል፣ መምህራን ሠልጥነዋል፣ ፊደል የማስቆጠሪያ ዘዴው ተሻሽሏል። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጉ ነበር። ሆኖም ፊደል የለየ ልጅ ሁሉ አንባቢ አይሆንም። 231ዱን ፊደል አጥርቶ የሚጠራ፣ ያነበበው አረፍተ ነገር ግን ምን እንዳለ ብትጠይቁት ዝም የሚል ልጅ ስንቱን አይተናል! መረዳት ዕውቀት ይፈልጋል። ሳላ ምን እንደሆነ ሰምቶም አይቶም የማያውቅ ልጅ ስለ ሳላ የተጻፈውን አንቀጽ ድምፁን ያወጣዋል እንጂ አያነበውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የንባብ ተመራማሪ ኔል ዱክ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው ጥናት በቦስተን አካባቢ 20 አንደኛ ክፍሎችን ተከታትላ ነበር። ልጆቹ ከተረት ውጭ ያለ፣ ስለ እውነተኛው ዓለም የሚያስረዳ ጽሑፍ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በአማካይ በቀን 3.6 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘችው። መጽሐፍ ሞልቶ በተረፈበት አገር! በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጆን ጉትሪና ባልደረቦቹ ንባብንና ሳይንስን አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አዋህደው ሞከሩት። ልጆቹ መጀመሪያ ያያሉ፤ ለምሳሌ ጉጉት ያልተፈጨላትን አጥንትና ፀጉር ድብልብል አድርጋ ስትተፋው ያንን ፈልቅቀው ምን እንደበላች ይመረምራሉ። ከዚያ የራሳቸውን ጥያቄ ይጽፋሉ። ከዚያ መልሱን ፍለጋ ያነባሉ። እነዚህ ልጆች የንባብ ስልት ብቻ ከተማሩት እኩዮቻቸው በተሻለ ያነበቡትን ይረዱ ነበር፤ ለማንበብ ያላቸው ፍላጎትም በልጦ ተገኘ። ነገሩ ግልጽ ነው። ልጅ የሚያነበው የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ካለ ወደ መቀሌ ልውሰደው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ጅብ በዐቢይ ጾም ምን እንደሚበላ የሚመረምር ነው። ያጠኑት የጅብን ፋንድያ ነው። ጅብ አጥንት ስለሚሰባብር ፋንድያው ሲደርቅ ይነጣል፤ የበላው እንስሳ ፀጉር ግን ሳይፈጭ ውስጡ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ያንን ፀጉር እየለዩ ሲቆጥሩ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ፋንድያ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ሕዝቡ ሲጾም እርድ ይቀንሳል፤ እርድ ሲቀንስ ጅብ የሚለቅመው ትርፍራፊ ያጣል፤ ትርፍራፊ ሲያጣ አህያ ላይ ይነሣል። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይህን ታሪክ በአንድ ገጽ ቢያነበው ጾምን ያውቃል፣ ጅብን ያውቃል፣ አህያን ያውቃል፣ መቶኛን ሊማር ነው። ከመጽሐፉ ቀና ሲል የሚያየው የራሱን መንደር ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በልጆች መማሪያ ውስጥ አላየሁም። ግደይና ባልደረቦቹ የደከሙበት ዕውቀት የውጭ መጽሔት ላይ ታትሞ ዓለም አድንቆታል፤ ጅብ በየማታው ለሚጮኽበት ሰፈር ልጅ ግን አልደረሰም። ይህ ያሳዝነኛል።

ተረቱን እንተወው ማለቴ አይደለም። ተረት ባይኖረን ልጆቻችን ከቋንቋቸው ጋር በምን ይወዳጁ ነበር? ተረቶቻችንና አባባሎቻችን ራሳቸው ልብ ብሎ ያየ ሰው የፈጠራቸው ናቸው። ሄዶ ያልተመለሰን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» የምንለው ከኖኅ መርከብ የተላከው ቁራ ሳይመለስ ስለቀረ ነው፤ ጥንብ አግኝቶ ቀረ ይላሉ አበው። ቁራ ጥንብ እንደሚበላ፣ ምግብ ካገኘ ከዚያ እንደማይነቃነቅ ያላስተዋለ ሰው ይህን አይልም። አስተማሪው ይህን ተረት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ካነበበ በኋላ «እስቲ ነገ ከቤት ስትመጡ ቁራ ምን ሲበላ እንዳያችሁ ንገሩኝ» ቢል ሁለቱ ትምህርቶች ተጋቡ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ነው።

በዚህ በኩል መንገድ የጠረጉልን ሰዎች አሉ። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ፀሐይ የተባለችን የቀጭኔ አሻንጉሊት የልጆች ሁሉ ጓደኛ አድርጋለች። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ይወስድ ነበር። ሁለቱም ልጅንና መጽሐፍን ለማገናኘት እንስሳን ጠርተዋል፤ ልጅ እንስሳ ይወዳልና ጥሪው ሠርቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ፀሐይን የሚወድ ልጅ ስለ እውነተኛዋ ቀጭኔም ያንብብ፦ ያን ያህል የረዘመው አንገቷ ውስጥ ያለው አጥንት ሰባት ብቻ ነው፤ የልጁ አንገት ውስጥ ያለውም ሰባት ነው። ይህን ያነበበ ልጅ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ሳይቆጥር አይቀርም።

ወደ ባቡሩ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያሳሰበኝ መስመሩ ራሱ ነውና። አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ጥር 2 ቀን ጅቡቲ ላይ ተመረቀ። 750 ኪሎ ሜትር በሚያህለው ጉዞ ከደጋ ተነሥቶ ስምጥ ሸለቆን አቋርጦ ባሕር ይደርሳል። በዚህ መስመር የሚጓዝ ልጅ በመስኮቱ የሚያልፈውን ያህል የተፈጥሮ ትምህርት ማንም መጽሐፍ ሊሰጠው አይችልም። ሆኖም ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ዞር ብዬ ሳይ ግማሾቹ ልጆች ተኝተዋል፣ ግማሾቹ የወላጆቻቸውን ስልክ ይነካካሉ። አልፈርድባቸውም። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ነገር ስም እንዳለው የነገራቸው የለም።

ከአዲስ አበባ ሲነሡ መተሐራን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የሳላ አገር ነው። ሳላ ወንዱም ሴቷም ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ አላቸው፤ ፊታቸው ነጭና ጥቁር ነው። ፀሐይ ሲበረታ ሳላ ላብ እያፈሰሰ ውሃ ከመጨረስ ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱ ይወጣለታል። ግመልም እንዲሁ ነው። የግመል ሻኛ ውስጥ ውሃ አለ ብሎ የማያስተምር ሰው ስንት ይሆን? ሻኛው ስብ ነው። የተጠማ ግመል የሰውነቱ ሙቀት በቀንና በሌሊት መካከል እስከ ስድስት ዲግሪ ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ 100 ሊትር ያህል ይጠጣል። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ልጅ ግመልን ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ዕድሜዋን በጥርሷ፣ ሕመሟን በአረማመዷ ይለያል። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አላዋቂ ተብሎ ከ«ሀ ሁ» ይጀምራል። ይዞት የመጣውን ዕውቀት ቢናገረው፣ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ቢጽፍለት፣ የገዛ ቃሉን መልሶ ቢያነበው፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ እሱ ራሱ የደረሰው ይሆን ነበር።

ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ኤረር ጎታ የምትባል ቦታ አለች። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር ከፍሬድ ኩርት ጋር እ.ኤ.አ. በ1960 እና 1961 እዚያ ሰፍሮ ሐማድርያስ የሚባሉትን ዝንጀሮዎች ያጠና ነበር፤ ወንዶቹ ትከሻቸውን የሚሸፍን ብርማ ጋማ ያላቸውን ማለቴ ነው። ማታ ማታ ዝንጀሮዎቹ ለመኝታ ወደ ገደል ሲመለሱ እየጠበቀ ይቆጥር ነበር። አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ እንደ አንድ ቤተሰብ እንደሚኖር፣ ቤተሰቦቹ ተሰባስበው መንጋ እንደሚሆኑ ለዓለም ያሳወቀው በዚህ ትዕግሥት ነው። ጅቡቲም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ኦቦክን አልፎ ባብ ኤል መንደብ ዳርቻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ጥቅምት ወር ገደማ ሁለት እንግሊዛውያን ወፍ ተመልካቾች ከዓረብ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩትን ንስሮችና ሌሎች አዳኝ አሞሮች ቆመው ቢቆጥሩ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። የኩመርም የእነዚህም መሣሪያ በዋናነት ዓይን፣ እርሳስና ደብተር ነበር። ሳይንስና ጽሕፈት መጀመሪያውኑ አልተለያዩም። የለያየናቸው እኛ ነን፤ የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ ላይ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ እንስሳ ግን ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የታየችው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ ያስመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር። በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ትንኟ ብቻ ባትሆንም ዋነኛዋ ተጠርጣሪ እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 መጀመሪያ፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ ድሬዳዋ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የለመድናት የወባ ትንኝ የገጠር ናት፤ ረግረግና ኩሬ ትፈልጋለች፤ ክረምት ሲወጣ ትበዛለች። ይህችኛዋ ከተማ ትወዳለች። የምትራባው ውሃ በሚጠራቀምበት በርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ማለትም ድሬዳዋና ጅቡቲ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ደጃፉ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት የለም።

አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይህን እንዴት ይማረው? ከበርሜሉ በነጭ ሳህን ውሃ ይቀዳ። ልጆቹ ከበው ይዩ። የወባ ትንኝ እጭ ውሃው ገጽ ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛል፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ደግሞ ጭራውን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ይህን ልዩነት ለማየት መነጽር እንኳ አያስፈልግም፤ ትንሽ ጸጥ ብሎ መጠበቅ ይበቃል። ያዩትን ይሳሉ፤ ከሥዕሉ ሥር አንዲት አረፍተ ነገር ይጻፉ። ከዚያ ደግሞ አስተማሪው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይስጣቸው፦ «ትንኟ ውሃ ላይ እንቁላል ጣለች። ከእንቁላሉ እጭ ወጣ። እጩ በውሃ ውስጥ አደገ። ክንፍ አወጣና በረረ። በርሜሉ ክዳን ቢኖረው ኖሮ ትንኟ አትገባም ነበር።» ቃላቱ ለሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚከብዱ አይደሉም። ልጁ ይህን ካነበበ በኋላ እቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ይመስላችኋል? በርሜሉን ሊያይ ይሄዳል። እናቱን ክዳን ይጠይቃል። ለወባ መከላከያ በየግድግዳው ከተለጠፈው ማስታወቂያ ይልቅ ያ ልጅ የሚያስተምረው ቤተሰብ ይበልጣል።

መምህራን የሚሉትን አውቃለሁ። በአንድ ክፍል 60 እና 70 ልጅ አለ፤ መጽሐፍ ለሦስት ነው፤ ደሞዙ አያወላዳም፤ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሱ ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ በመምህሩ ላይ ሌላ ሸክም መጫንም አልፈልግም። ያልኩት ሁሉ ግን አዲስ የትምህርት ዓይነት አይጨምርም። ታችኛ ክፍሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አማርኛውንም አካባቢ ሳይንሱንም የሚያስተምረው አንድ መምህር ነው። ሁለት 40 ደቂቃዎችን አከታትሎ ማድረግ፣ ማክሰኞ ያዩትን እንስሳ ረቡዕ ማንበብ፣ የቃላት ጥናቱን ከዚያው እንስሳ ማውጣት ወጪ የለውም። የሚያስፈልገው ርእሰ መምህሩ ይህን መፍቀድ፣ ተቆጣጣሪውም ልጆቹን ግቢ ውስጥ ሲያይ «ለምን ክፍል አልገቡም?» ብሎ አለመቆጣት ነው።

መጽሐፉ ነው ትልቁ ጉድለት፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከመምህሩ በላይ ያሉ አካላት ይጠየቃሉ። በየትምህርት ቢሮው የሚዘጋጁ የታችኛ ክፍል ማንበቢያዎች ውስጥ ስለ እውነተኛ እንስሳት የተጻፉ፣ በተመራማሪ የተረጋገጡ፣ አጫጭር ጽሑፎች በብዛት ይግቡ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የእንስሳት ጥናት ክፍሎች በየዓመቱ ከሚያወጡት ሥራ አንዱን ለልጆች በሚሆን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ጽፈው ያስረክቡ። የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን ማኅበር ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። ከለቡ እስከ ናጋድ በየጣቢያው መካከል በመስኮት ሊታይ የሚችለውን እንስሳ በሥዕልና በጥቂት መስመር የሚናገር፣ ልጁ ያየውን የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ያለው ቀጭን መጽሐፍ አሳትሞ በየወንበሩ ኪስ ቢያስቀምጥ ብዙ አያወጣም። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ሐዲዱ ላይ የሚገቡ ግመሎችና ከብቶች እየተገጩ ለአርብቶ አደሩም ለድርጅቱም ራስ ምታት ሆነዋል። ከሐዲዱ ዳር ያለው ልጅ ባቡር በምን ያህል ርቀት መቆም እንደሚችል፣ ግመል ለምን ሐዲድ ላይ እንደሚቆም በራሱ ቋንቋ ቢያነብ ጥቅሙ ለሁሉም ነው።

ይህ እስኪሆን ግን ልጆቹ አይጠብቁንም፤ ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ መምህራን፣ ወላጆችም፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት ልጆቹን ግቢ አውጥታችሁ ወይም መስኮት ዳር አስቀምጣችሁ አንድ እንስሳ ለአሥር ደቂቃ እንዲመለከቱ አድርጉ፤ ጉንዳንም ይሁን ርግብ ለውጥ የለውም። ያዩትን በሦስት አረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ያልገባቸውንም በአንድ ጥያቄ። የጻፉትን ሰብስባችሁ ለዚህ ዓምድ ላኩልን፤ እንደ አመጣጡ እናትመዋለን፤ ለጥያቄዎቻቸውም የሚመልስ ባለሙያ እንፈልጋለን።